ለቴርሞሜትሩ ልኩን ማሳየት

መጋቢት ነው፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል። ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው ትንሽ ስክሪን 34.2 ትላለች። ግቢው ውስጥ አክስቴ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ጥላ ሥር ምስር ይለቅማሉ።

«እትዬ፣ ዛሬ 34 ዲግሪ ገብቷል» አልኳቸው በመስኮት።

ከሰፌዱ ቀና ሳይሉ «የት አገር?» አሉ።

«እዚሁ። እኛ ግቢ።»

አሁን ቀና አሉ። ሰማዩን አዩ፤ እኔን አዩ። «ድሬዳዋ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ። ሠላሳ አራትን አሳምሬ አውቀዋለሁ። በሠላሳ አራት ነጠላ የሚደርብ ሰው የለም» ብለው ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

ልክ ነበሩ። ቤታችን ሽሮ ሜዳ አካባቢ፣ እንጦጦ ግርጌ ነው፤ ከባሕር ወለል 2500 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አዲስ አበባ በሞቃቱ ወራት እንኳ ከሰዓት በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ25 ዲግሪ ብዙ አትርቅም። ስክሪኗ ግን አላፈረችም። 34.2 ብላ ነጥቧን ሳይቀር አስቀምጣለች፤ ነጥብ ያለው ቁጥር ደግሞ ሐቀኛ ይመስላል።

የአየር ሁኔታ መለኪያው የደረሰኝ ከሜሪላንድ በመጣ የአጎቴ ልጅ ሻንጣ ውስጥ ነው። ሲመጣ በፋራናይት ነበር የሚናገረው፤ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ሴልሺየስ ማስተማር ነበር። ውጭ የሚቀመጠውን ክፍል፣ ነጫጭ የፕላስቲክ ሳህኖች የተደራረቡበትን፣ ማድቤቱ ጣሪያ ላይ በብረት ቱቦ አሰርኩት። ከፍ ያለ ነው፤ ንፋስ ያገኘዋል፤ ልጅ አይደርስበትም። ከቆርቆሮው አንድ ክንድ ከፍ ይላል። ጥሩ ቦታ የመረጥኩ መስሎኝ ነበር።

አክስቴ ከፈረዱብኝ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አላስተኛ አለኝ፤ ይህ መሣሪያ ሲዋሽ በስንት ነው የሚዋሸው?

አንድ ቃል፣ ሦስት ፍቺ

አማርኛ «ልክ» የሚለውን ቃል ብዙ ያሠራዋል። ልክ መጠን ነው፤ ልብስ ሰፊ ልክህን ይወስዳል። ልክ ትክክልም ነው፤ ተከራክረህ የተረታህ ቀን «ልክ ነህ» ትላለህ። ወሰንም ነው፤ «ልክህን እወቅ» የተባለ ሰው ሜትር ፍለጋ አይሮጥም።

ካሊብሬሽን የሚባለው ሥራ ሦስቱንም ፍቺ አንድ ላይ ይይዛል። መለኪያው የሚሰጠውን መጠን ከታወቀ እውነት አጠገብ ታስቀምጣለህ፤ ትክክል መሆኑን ታያለህ፤ ካልሆነም የስህተቱን ወሰን ታውቃለህ። ብዙ ሰው ካሊብሬት ማድረግ ማለት መሣሪያውን ማስተካከል ይመስለዋል። ማስተካከሉ በኋላ የሚመጣ ነው። ዋናው ሥራ ስህተቱን ማወቁ ነው፤ ስህተቱ የታወቀ ቴርሞሜትር ባይስተካከልም ያገለግላል፤ አንባቢው በልቡ ይቀንስለታል።

ሥጋ ቤት ሚዛኑን የጠረጠረ ሰው ምን ያደርጋል? የታሸገ አንድ ኪሎ ስኳር ያስመዝናል። ሚዛኑ 1 ኪሎ ከ100 ግራም ካለ፣ ማዳላቱ ታወቀ። ግን በዚህ ብቻ ውሸቱ ምን ዓይነት እንደሆነ አይታወቅም። ሁለት ኪሎ ይጫንበት። 2 ኪሎ ከ100 ካለ፣ ሚዛኑ ከመነሻው ጀምሮ 100 ግራም ይዞ ነው የሚነሳው፤ ከማንኛውም ክብደት ላይ 100 መቀነስ ይበቃል። 2 ኪሎ ከ200 ካለ ግን ውሸቱ ከክብደቱ ጋር አብሮ ያድጋል፤ መቀነስ ሳይሆን ማካፈል ይፈልጋል። ለዚህ ነው አንድ ነጥብ የማይበቃው። ቴርሞሜትርም እንዲሁ ነው፤ ቢያንስ ሁለት የታወቁ ሙቀቶች፣ ሁለት የታሸጉ ስኳሮች ያስፈልጉታል።

በአማርኛ ይህን የመለካት ዕውቀት «ሥነ ልክ» ብለውታል፤ ፈረንጆቹ ሜትሮሎጂ የሚሉት ነው። ከሚቲዎሮሎጂ፣ ከአየር ሁኔታ ጥናት ጋር በስም ሲምታታ ይኖራል። እኛ ማድቤት ጣሪያ ላይ ግን ሁለቱ ተገናኙ።

ምስክር ፍለጋ

የመጀመሪያው እንቅፋት፣ ጣሪያ ላይ ያለው ክፍል ውሃ ውስጥ አይነከርም። ሙቀትንና እርጥበትን የሚለካው አንድ ላይ ነው፤ የእርጥበት መለኪያው ደግሞ አየር እንዲገባው ክፍት ስለሆነ ቢነከር ይበላሻል። ስለዚህ በመካከል የሚቆም ምስክር ያስፈልጋል፤ ውሃ የማይገባው፣ በረዶም ሙቅ ውሃም ውስጥ ገብቶ ቃሉን ሰጥቶ፣ ከዚያ ጣሪያ ላይ ያለውን የሚመረምር።

ምስክሬ ዲኤስ18ቢ20 የሚባል ሴንሰር ነው። እርሳስ በሚያህል የማይዝግ ብረት ቱቦ ውስጥ ታሽጎ፣ አንድ ሜትር ገመድ ይዞ ይሸጣል። አርዱዊኖ ከሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር አገናኝተውት ኮምፒውተር ላይ ቁጥሩን ያነባሉ። ፋብሪካው በወረቀቱ ላይ የሚገባው ቃል ይህ ነው፤ ከዜሮ በታች ከ10 ዲግሪ አንስቶ ከዜሮ በላይ እስከ 85 ዲግሪ ድረስ፣ ስህተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ከ0.5 ዲግሪ አይበልጥም። ማለትም 20 ሲል እውነቱ 19.5ም 20.5ም ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱም ፋብሪካው ቃሉን አላጠፈም።

ይሁንና ይኸው ሴንሰር ቁጥሩን የሚሰጠው በ0.0625 ዲግሪ እርከን ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚታለለው። ሰዓቱ አምስት ደቂቃ የሚቀድምበት ሰው ሰዓት ስትጠይቀው ሴኮንዱን ሳይቀር ቢነግርህ፣ መልሱ ደቃቃ ነው እንጂ ትክክል አይደለም። የቁጥር ደቃቅነትና የቁጥር ትክክለኛነት የተለያዩ ናቸው። ዋጋው ርካሽ የሆነ መሣሪያ የመጀመሪያውን በነፃ ይሰጣል፤ ሁለተኛውን ባለቤቱ ራሱ ሊሠራው ግድ ነው።

ድስቱ ያሳሳተኝ

መጀመሪያ የመጣልኝ የፈላ ውሃ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብለን ነው ያደግነው፤ ከዚህ የታወቀ ምን አለ? ድስት ጣድኩ። ሲንተከተክ ሴንሰሩን የድስቱን ወለል ሳላስነካ አጠለቅኩት። 92.5። እሳቱን ጨመርኩ። ውሃው ከድስቱ ሊዘል ደረሰ፤ ቁጥሩ ግን ያው 92.5።

ቸኩሎ የሚያምን ሰው ሴንሰሩ 7.5 ዲግሪ ያጎድላል ብሎ ይደመድማል። በዚያ ልክ ቢያስተካክለው 20 ዲግሪ የነበረው ረፋድ 27.5 ሆኖ ይመዘገባል፤ ደህናውን ሴንሰር በገዛ እጁ አበላሸው ማለት ነው።

ሴንሰሩ ግን ብዙም አልተሳሳተም። ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚነሳው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር ሲያሸንፍ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ የአየሩ ግፊት 1013 ሄክቶፓስካል ገደማ ነው፤ እኛ ግቢ 760 ያህል ብቻ። ሸክሙ ሲቀል ውሃው ቶሎ ያሸንፋል፤ እኛ ዘንድ 92 ገደማ ሲደርስ መፍላት ይጀምራል። ራስ ደጀን አናት ላይ 85 አካባቢ ይበቃዋል። ከባሕር ወለል በታች ባለው ዳሎል ደግሞ 100ን ትንሽ ያልፋል። ደጋ ላይ ባቄላና ሽምብራ ድስት ውስጥ የሚያንገላቱት፣ ውሃው ስለማይፈላ አይደለም፤ ሳይሞቅ ስለሚፈላ ነው።

አክስቴ ይህን ስነግራቸው «ድሬዳዋ ንፍሮ ቶሎ ይደርስልኝ የነበረው ለካ ለዚህ ነው!» አሉ። ለዓመታት የእንጨቱ ጥሩነት ነበር የሚመስላቸው።

በመርህ ደረጃ በፈላ ውሃም መጠቀም ይቻላል፤ የአካባቢውን እውነተኛ የአየር ግፊት አውቆ፣ ውሃው በዚያ ግፊት ስንት ላይ እንደሚፈላ አስልቶ። እዚህም ወጥመድ አለ። የቤት መለኪያዎች ስክሪን ላይ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ግፊት ወደ ባሕር ወለል ተተርጉሞ ነው፤ የእኔ ስክሪን 1018 ይላል። ይህ ለአየር ትንበያ ይጠቅማል፤ ለድስት ግን አይሠራም። ድስቱ የሚያውቀው 760ውን ብቻ ነው።

የጥንት ተጓዦች ይህንኑ ችግር ገልብጠው ሠርተውበታል። እ.ኤ.አ. ከ1838 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል የኢትዮጵያን ምድር እየዞረ ለካርታ የለካው አንትዋን ዳባዲ፣ የቦታ ከፍታን ከሚያውቅባቸው ዘዴዎች አንዱ ውሃ አፍልቶ ቴርሞሜትር ማንበብ ነበር። ውሃው በስንት እንደፈላ ካወቅክ፣ ከምን ያህል ከፍታ ላይ እንደቆምክ ታውቃለህ። ለእሱ የድስቱ መዋዠቅ መረጃ ነበር፤ ለእኔ እንቅፋት።

ነገሩን ቀድመው በጥንቃቄ ካዩት አንዱ፣ ዛሬ ስሙን በየዲግሪው የምንጠራው አንደርስ ሴልሺየስ ነው። ስዊድናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1742 ሚዛኑን ሲያቀርብ፣ በረዶ የሚቀልጥበት ነጥብ ከቦታ ቦታና ከግፊት ጋር እንደማይዋዥቅ፣ የሚፈላበት ግን ከአየሩ ግፊት ጋር እንደሚወጣና እንደሚወርድ በሙከራ አሳይቷል። የሚገርመው፣ የእሱ ሚዛን የተገለበጠ ነበር፤ ውሃ በ0 ይፈላል፣ በ100 ይረጋል። ዛሬ የምናውቀው መልክ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1744 ከሞተ በኋላ ነው።

እንግዲህ ለደጋ ሰው የሚታመን አንድ ነጥብ አለ። እሱም በረዶ ነው።

በረዶው ቃል ሲያስገባ

ከምሽቱ 2 ሰዓት፤ ደግነቱ መብራት አልጠፋም። ከነዳጅ ማደያ የገዛሁትን የባትሪ ውሃ፣ አሲድ የሌለበትን የተጣራውን፣ ከዋዜማው ጀምሮ ፍሪዘር ውስጥ አርግቼዋለሁ። የቧንቧ ውሃም ብዙ አያሳስትም ነበር፤ ዋናው ጠላት ጨው ነው። በመቶ አንድ ጨው ብቻ የበረዶውን ነጥብ በ0.6 ዲግሪ ያወርደዋል።

መሰባበሪያ ስፈልግ አክስቴ ሙቀጫቸውን ከለከሉኝ። ደግ አደረጉ፤ ጨውና ኮረሪማ የለመደ ሙቀጫ ለዚህ አይሆንም። በረዶውን በታጠበ ፎጣ ጠቅልዬ በዘነዘና ወቀጥኩት፤ የተከካ ባቄላ ሲያክል ፔርሙዝ ውስጥ ጨመርኩት። ከዚያ ቀዝቃዛ የተጣራ ውሃ አፈሰስኩ፤ ብዙ አይደለም፣ በስብርባሪዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ያህል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ውሃ ብርጭቆ ሞልተው ሦስት ፍሬ በረዶ ያንሳፍፉና ዜሮ ሆነ ይላሉ። አልሆነም። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ነው፤ 4 ዲግሪው ውሃ እታች ይዘቅጣል፣ በረዶው ከላይ ይንሳፈፋል፤ ሴንሰሩ ወለሉ አጠገብ ከሆነ የሚያነበው ዜሮን ሳይሆን ወደ 4 የሚጠጋ ነው። በተቃራኒው፣ ከፍሪዘር እንደወጣ የደረቀ በረዶም ዜሮ አይደለም፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ዜሮ የሚኖረው ሁለቱ በሚገናኙበት ብቻ ነው፤ በረዶው እየቀለጠ፣ ውሃው እያረጠበው፣ እስከ ወለሉ ድረስ በረዶ ሲኖር። ውሃ የጠጣ የተከካ በረዶ መምሰል አለበት፤ ማንኪያ ሲገባበት የሚንኮሻኮሽ።

ሴንሰሩን መሃል ላይ ሰካሁት፤ ግድግዳውንም ወለሉንም እንዳይነካ። በማንኪያ ቀስ እያልኩ አማሰልኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። 2.44። 1.06። 0.50። ፔርሙዙ ውስጥ በረዶው ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። 0.38። 0.31። ከዚያ ቆመ። አሥራ አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ፤ አማሰልኩ፤ ቦታ ቀየርኩ፤ ውሃ ቀንሼ በረዶ ጨመርኩ። 0.31።

የግፊቱ ነገር እዚህም አላሳሰበኝም አይባልም፤ 2500 ሜትር ላይ ነን። ነገር ግን ግፊት የበረዶን መቅለጫ የሚነካው በጣም በጥቂቱ ነው፤ በእኛ ከፍታ ልዩነቱ ከዲግሪ ሺህኛ ሁለት እጅ ያህል ነው። ሴንሰሬ ሊያየው ቀርቶ ሊያልመው አይችልም። ድስቱን ስምንት ዲግሪ ያዋዠቀው ተራራ፣ በረዶውን ንቅንቅ አላደረገውም።

ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፤ በዜሮ፣ ምስክሩ 0.31 ይጨምራል።

ከአክስቴ መሳቢያ የወጣው ሁለተኛው ነጥብ

ለሁለተኛው ነጥብ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አብዛኛው ቤት ውስጥ አንድ በጥብቅ የተለካ መሣሪያ አለ፤ የትኩሳት መለኪያ። የሰው ሕይወት ስለሚመሠረትበት፣ በትኩሳት ወሰን ውስጥ ስህተቱ ከ0.1 ዲግሪ ገደማ እንዳይበልጥ ሆኖ ነው የሚሠራው። ለአየር ሁኔታ መለኪያ ከሚሸጠው ሴንሰር ይልቅ ፋርማሲ የሚሸጠው ርካሹ ዕቃ አምስት እጥፍ የታመነ ነው።

አክስቴ ልጆቻቸውን ያሳደጉበትን የሜርኩሪ መለኪያ ከነማኅደሩ ከመሳቢያ አወጡ። «ከ42 በላይ ካሞቅከው ይፈነዳል» ብለው አስጠነቀቁኝ፤ ልክ ናቸው። ፔርሙዙን አጥቤ 39 ዲግሪ ያህል ውሃ ሞላሁ። ፔርሙዝ የመረጥኩት ቶሎ እንዳይቀዘቅዝ ነው፤ የሜርኩሪ የትኩሳት መለኪያ አንገቱ ላይ ጠባብ ነው፤ አንዴ የወጣው ሜርኩሪ ካላራገፉት አይመለስም። ውሃው እየቀዘቀዘ ቢሄድ እንኳ እሱ ከፍተኛውን ያወራል። ስለዚህ ውሃው ከመረጋጋቱ በፊት አይገባም፤ ከገባ በኋላም ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው፣ እየተማሰለ፣ ሦስት ደቂቃ ጠብቆ በአንድ ጊዜ ማንበብ ነው።

የአክስቴ መለኪያ 38.4 አለ። የእኔ ሴንሰር 38.88።

ሁለቱ ስኳሮች ተመዘኑ። በዜሮ ስህተቱ 0.31፤ በ38.4 ደግሞ 0.48። ውሸቱ ከመነሻው አለ፣ ከሙቀቱም ጋር በጥቂቱ ያድጋል። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ቀጥ ያለ መስመር ብንዘረጋ፣ አዲስ አበባ ውሎዋን በምታሳልፍበት በ20 ዲግሪ አካባቢ 0.4 ይሆናል። ፋብሪካው ከገባው 0.5 ወሰን ውስጥ ነው። ፋብሪካው አልዋሸም፤ አሁን ግን እኔ ከፋብሪካው በላይ አወቅኩት።

ቃሉን የሰጠው ምስክር አሁን ተከሳሹን ሊመረምር ደረሰ። የጣሪያውን ክፍል አውርጄ፣ ምስክሩን አጠገቡ አድርጌ፣ ሁለቱንም ካርቶን ውስጥ ከተትኩ፤ አየሩ እንዲቀላቀል የአሮጌ ኮምፒውተር ማራገቢያ ጨመርኩ፤ ፀሐይ በማይገባው ክፍል አሳደርኳቸው። ጠዋት ልዩነታቸውን በየሰዓቱ አነበብኩ። የምስክሩን ስህተት ቀንሼ ሳወዳድር፣ የጣሪያው ክፍል ሌሊቱን ሙሉ 0.6 ዲግሪ ያህል ይጨምር ነበር። ስክሪኗ ማስተካከያ ውስጥ ገብቼ፣ ሲቀነስ 0.6 ብዬ መዘገብኩ።

ሥራው ያለቀ መሰለኝ። ከዚያ ሒሳቡን ሠራሁት። ከ34.2 ላይ 0.6 ሲቀነስ 33.6 ነው። አክስቴ ነጠላ ደርበው የለቀሙት ምስር በ33.6 ነው ማለት ነው?

ጥፋቱ የማን ነው?

ሴንሰር የአየርን ሙቀት አይለካም። የሚለካው የራሱን ሙቀት ነው። እሱና አየሩ እኩል ይሆናሉ ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ ተስፋው የሚሠራው ግን ከአየሩ ሌላ ማንም ካላሞቀው ብቻ ነው። ፀሐይ ብታየው ያሞቀዋል። ሥሩ ያለው ቆርቆሮ በቀትር እጅ የማያስነካ ሲሆን፣ ወደ ላይ የሚልከው ግለት ከነጫጮቹ ሳህኖች ሥር ገብቶ ያሞቀዋል። ከቆርቆሮው የሚነሳው ትኩስ አየርም እንዲሁ። የቤተሰቡን ድርሻም ልናዘዝ፤ ግራፉን ወደ ኋላ ስመለከተው በሳምንት ሁለት ቀን ረፋዱ ላይ ጉብታ አለው። አክስቴ እንጀራ የሚጋግሩበት ቀን ነው።

ደጋነታችንም አግዞታል። ከፍታ ላይ ፀሐይዋ የምታልፍበት አየር ስስ ነው፤ ስለዚህ በርትታ ትመታለች። ያው ስስ አየር ደግሞ ሴንሰሩ ላይ የተከማቸውን ሙቀት ጠርጎ የመውሰድ ጉልበቱ ያነሰ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ጥቂት የሚያሳስት ቦታ፣ እንጦጦ ግርጌ ብዙ ያሳስታል።

ይህን ለመከላከል በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታሰበው መልስ ዛሬም በየሚቲዎሮሎጂ ጣቢያው ይታያል፤ በእግር የቆመ ነጭ የእንጨት ሳጥን፣ ጎኖቹ እንደ መስኮት ግርዶሽ በተጋደሙ ጣውላዎች የተሠሩ። አየር ይገባል፤ ፀሐይ አትገባም። የፈለሰፈው ስኮትላንዳዊው የመብራት ቤት መሐንዲስ ቶማስ ስቲቨንሰን ነው፤ የደራሲው የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን አባት። የእኔዎቹ የፕላስቲክ ሳህኖች የዚያ ሳጥን የልጅ ልጆች ናቸው። ሆኖም ሳጥኑ ብቻውን አይበቃም። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መመሪያ ሴንሰሩ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ እንዲሆን ይላል፤ ሥሩ የአካባቢው ተፈጥሯዊ መሬት፣ ከተቻለ ሣር ሆኖ፣ ከግድግዳና ከጣሪያ ርቆ።

ለመፈተን ቀላል ነበር። ምስክሩን አወጣሁት። ስድስት ነጫጭ የአበባ ማሰሮ ሳህኖችን መሃላቸውን በስቼ፣ በረጃጅም ቡሎን ጣት ጣት አራርቄ ደረደርኳቸው፤ ሴንሰሩን መሃል አንጠልጥዬ ጓሮ ሣሩ ላይ፣ በአንድ ሜትር ተኩል እንጨት ላይ ተከልኩት። የጣሪያውን ክፍል ወደ ቦታው መለስኩት። ፀሐያማ ቀን ጠብቄ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሁለቱንም፣ እርምታቸውን አድርጌ፣ አነበብኩ። ጣሪያው 32.8። ሣሩ 25.9።

ሰባት ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ልዩነት። ሦስት ምሽት በረዶ ስወቅጥ፣ ሜርኩሪ ሳራግፍ፣ ካርቶን ሳሸግ ያገኘሁት ስህተት 0.6 ነው። አንድ መሰላል በማውረድ የሚድነው ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ነበር።

በሰባት ዲግሪ የተሳሳተ እኔ ብቻ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 1922 በሊቢያ ኤል አዚዚያ 58 ዲግሪ ተመዘገበ፤ ለዘጠና ዓመት ያህል የምድር ከፍተኛው ሙቀት ተብሎ በየመማሪያ መጽሐፉ ተጠቀሰ። የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ያቋቋመው ቡድን ነገሩን መረመረ፤ በአባልነት የነበሩት የሊቢያው ባለሙያ ኻሊድ ኤል ፋድሊ የዋናውን መዝገብ ቅጂ አገኙ። የመዝገቡ ጽሕፈት ከጥቂት ቀን በፊት ሥራው ወደ አዲስ እጅ መተላለፉን ያሳያል፤ አዲሱ ጸሐፊ ቁጥሮችን በተሳሳተ ዓምድ ይጽፍ ነበር። ቴርሞሜትሩ በትንሽ ጠቋሚ የሚነበብ ያረጀ ዓይነት ሲሆን፣ ልምድ የሌለው ሰው በተሳሳተው ጫፍ ቢያነበው ወደ 7 ዲግሪ ይጨምራል። ቦታውም ሙቀት የሚይዝ ጥቁር መሬት ነበር። ድርጅቱ ልክ በ90ኛ ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 2012፣ ክብረ ወሰኑን ሰረዘ። ማዕረጉ እ.ኤ.አ. በ1913 በካሊፎርኒያው ዴዝ ቫሊ ለተመዘገበው 56.7 ዲግሪ ተላለፈ።

ጎረቤትህን አትምሰል

መለኪያው ሣሩ ላይ ከወረደ በኋላ የመጨረሻው ፈተና ጠበቀኝ፤ ከቦሌ ጋር ማወዳደር። የአየር ማረፊያው መረጃ በየሰዓቱ ይወጣል፤ በባለሙያ የሚጠበቅ ነው። «የእኔ ከቦሌ በአንድ ዲግሪ ያንሳል፤ አንድ ልጨምርበት» ማለት ያምራል።

ይህ ግን ጎረቤትህ የሚለብሰው ጫማ 42 ስለሆነ የአንተም እግር 42 ነው እንደማለት ነው። ቦሌ ከእኛ 170 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። አየር በአማካይ በየሺህ ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ የአንድ ዲግሪው ልዩነት ስህተት ሳይሆን ተራራው ነው። ለአብራሪዎች የሚወጣው ቁጥርም በሙሉ ዲግሪ የተጠጋጋ ነው፤ 22 ሲል ከ21.5 እስከ 22.5 ያለውን ሁሉ ያቅፋል። ሰማዩ በጠራበት የኅዳር ሌሊት ደግሞ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል፤ ቀዝቃዛው አየር ከብዶ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ስለሚፈስ ሜዳው ከዳገቱ ሊበርድ ይችላል። ማወዳደር ካስፈለገ በክረምት፣ ደመናና ንፋስ ባለበት ቀን፣ ፀሐይም የጠራ ሰማይም በማይገቡበት ሰዓት ነው። ያኔ እንኳ የሚፈለገው ቁጥሩ መመሳሰሉ ሳይሆን፣ ልዩነቱ ከሳምንት ሳምንት አለመዋዠቁ ነው። ልዩነቱ በአንድ ጊዜ ከተለወጠ፣ ወይ ሴንሰሩ አርጅቷል፣ ወይ ሸረሪት ሳህኖቹ መሃል ቤት ሠርታለች።

ለዚህ ነው ደብተሩ ከመሣሪያው እኩል የሚያስፈልገው። ቀን፣ የበረዶው ንባብ፣ የትኩሳት መለኪያው ንባብ፣ የገባው እርምት፣ ሴንሰሩ የቆመበት ቦታ። በዓመቱ በረዶው እንደገና ይወቀጣል። 0.31 የነበረው 0.5 ሆኖ ከተገኘ ሴንሰሩ ምን ያህል እንደሸሸ ይታወቃል፤ ካልተጻፈ ግን ማንም አያውቅም።

ያን ምሽት ደብተሩን ይዤ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። የጣሪያው ዘመን ቁጥሮች አፍጥጠው ያዩኛል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ 34.2። ልሰርዘው እስክሪብቶ አነሳሁ። አክስቴ ሻይ ይዘው መጡ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ስህተት ነው፤ ላጠፋው ነው።»

እጄን ያቆመው የኤል አዚዚያው መዝገብ ነው። 58ቱን ከዘጠና ዓመት በኋላ ማረም የተቻለው ወረቀቱ ከነተሳሳተው ዓምዱ፣ ከነጽሕፈቱ ስለተረፈ ነው። ያ ጸሐፊ አፍሮ ቢቀደው ኖሮ፣ ዓለም የሚይዘው ቁጥሩን ብቻ ነበር። ስለዚህ አልሰረዝኩትም። አጠገቡ በትንሽ ጽሕፈት ጨመርኩ፤ «የአየር ሙቀት አይደለም። ሴንሰሩ ከማድቤቱ ቆርቆሮ በአንድ ክንድ ከፍታ ላይ ነበር።»

ለአክስቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሻዩን እያቀረቡ ጥቂት አሰቡና፣

«እንግዲያማ ለቆርቆሮው ልክ ነበራ!» አሉ።